የቤታችን ኮምፒውተርና የሰው አደራ

የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከሁለቱ ክፍሎች በአንደኛው፣ ከቬንትሌተሩ ሥር፣ ኮምፒውተራችን ተቀምጧል። ለእኔ የቤት ሥራ መሥሪያ፣ ለታናሽ ወንድሜ ጌም መጫወቻ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የእናቴ የእንጀራ ገመድ ነው።

እናቴ ድሬዳዋ ሳለች በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበረች። እዚህ ከመጣን ወዲህ ደግሞ ለአገራችን ሰዎች በአማርኛ ደብዳቤ እየጻፈች ታሳድገናለች። አገር ቤት ላለ ወንድሟ ውክልና የምትልክ፣ ያልተከፈለ ደመወዙን የሚጠይቅ፣ የቤት ሽያጭ ውል የሚያዋውል፣ ለኤምባሲ ማመልከቻ የሚያስገባ ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣል። ሰዎቹ አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ጉዳያቸውን ይነግሯታል፤ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዶቹ እየተናገሩ ያለቅሳሉ። ያኔ እኔና ወንድሜ ውጡ ሳንባል ወደ ደጅ እንወጣለን።

እናቴ ፋይሎቹን ስታስቀምጥ፣ በኋላ ፍለጋ እንዳትቸገር፣ የባለጉዳዩን ስምና የጉዳዩን ዓይነት አብራ ትጽፍ ነበር። ለሁላችንም ጥሩ ልማድ ይመስለን ነበር።

ኮምፒውተሩን የገዛነው ከተማዋን ለቆ ከሚሄድ ሰው ስለሆነ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 በፈረንሳይኛ ነው። ፋይል ለመፈለግ ቢጫውን ፎልደር ስንጫን መጀመሪያ የሚመጣው «አክሴ ራፒድ» የተባለው ገጽ ነው፤ በአማርኛ «ፈጣን መድረሻ» እንደማለት። ከላይ አዘውትረን የምንከፍታቸው ፎልደሮች፣ ከሥር ደግሞ በቅርቡ የከፈትናቸው ፋይሎች ተደርድረው ይታያሉ። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እየተከታተለ ይሞላዋል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ጊዜ ይቆጥባል። ባለጉዳይ አጠገቡ ለሚቀመጥ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

እናቴ ይህንን ከእኔ ቀድማ አስተውላለች። «ይሄ ነገር በከፈትኩ ቁጥር ለምን ይመጣል? አንቺ ኮምፒውተር ትማሪ የለ? አጥፊልኝ እንጂ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ የቤት ሥራዬን ቶሎ ስለማገኝበት «እሺ፣ ነገ» እያልኩ አንድ ወር አሳለፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ውክልና ልታስጽፍ መጣች። እናቴ ባዶውን የውክልና ቅጽ ለማውጣት ቢጫውን ፎልደር ተጫነች። ገጹ እንደ ልማዱ ተዘረጋ። ከፋይሎቹ ዝርዝር አናት ላይ የአንዲት ጎረቤታችን ስም፣ ከስሟም ቀጥሎ «የፍቺ ማመልከቻ» የሚል ይነበብ ነበር። እናቴ ቶሎ ብላ ዘጋችው፤ ሴትየዋ ግን አንብባለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የእኔም ነገ እንዲህ ይታያል ማለት ነው?» አለች። ከዚያ ወረቀቶቿን ሰብስባ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብላ ወጣች።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ማታውን ብቻዬን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ፋይል በቀኝ ቁልፍ ስጫን «ሱፕሪሜ» የሚል ቃል አየሁ፤ አጥፋ ማለት ነው። ተጫንኩት። ፋይሉ ከዝርዝሩ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሌሎቹንም አንድ በአንድ አጠፋሁ። እናቴ በማግስቱ ጠዋት የአንድ ሾፌር የደመወዝ አቤቱታ ለማተም ብትፈልግ ፋይሉ የለም። ሦስት ገጽ ነበር። ሾፌሩም ሊወስደው በር ላይ ቆሟል።

ስህተቴ ከጥድፊያ የመጣ ነበር። በዚያ ማውጫ ላይ በ«ሱፕሪሜ» የሚጀምሩ ሁለት ትእዛዞች አሉ። አንደኛው ፋይሉን ከፈጣን መድረሻው ዝርዝር ብቻ ያወጣል። ሁለተኛው፣ «ሱፕሪሜ» ብቻ የሚለው፣ ዋናውን ፋይል ራሱን ያጠፋል። እኔ ያጠፋሁት ዝርዝሩን ሳይሆን የሰዎቹን ደብዳቤ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ «ኮርቤይ» የሚባለውን ከፈትኩ። ደግነቱ ሁሉም እዚያ ነበሩ። «ሬስቶሬ» የሚለውን ስጫን እያንዳንዱ ወደነበረበት ቦታ ተመለሰ። ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ የሆነውን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት የኮምፒውተር መምህራችንን ጠየቅኩ። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ቤትና ወደ ቤቱ የሚያመለክት ቀስት ሣሉ። «ፋይሉ ቤቱ ነው፤ አቋራጩ ቀስቱ ነው። ቀስቱን ስትፈልጊ ቤቱን አታፍርሺ» አሉኝ። ከዚያ መንገዱን ነገሩኝ።

ቢጫውን ፎልደር ከፍቶ ከላይ «አፊሻዥ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ኦፕሲዮን» የሚለውን መጫን ነው። በሚመጣው ትንሽ መስኮት የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ ፎልደሩ ሲከፈት በምን ይጀምር የሚል ምርጫ አለ፤ ከአክሴ ራፒድ ወደ «ስ ፔሴ»፣ ማለትም ወደ «ይህ ኮምፒውተር» መለወጥ ይቻላል። ከታች፣ ስለ ግላዊ ምስጢር በሚናገረው ክፍል፣ ሁለት ምልክት የተደረገባቸው ሳጥኖች አሉ። አንዱ የቅርብ ጊዜ ፋይሎችን፣ ሌላው የሚዘወተሩ ፎልደሮችን የሚያሳይ ነው። ሁለቱንም ምልክቶች ማንሳት፣ ከዚያ «ኤፋሴ» የሚለውን ተጭኖ ያለፈውን መዝገብ መጥረግ፣ በመጨረሻም «ኦኬ» ማለት ነው። ምልክቶቹን ሳያነሱ መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ ዝርዝሩ አዲስ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ተመልሶ ይሞላል። በእጅ የሰካናቸው ፎልደሮች ደግሞ አይጠፉም፤ እነሱን በየራሳቸው መንቀል ያስፈልጋል።

መምህራችን ሁለት ነገር ጨመሩልኝ። ወርድ የራሱ የቅርብ ሰነዶች ዝርዝር ስላለው እሱንም ለብቻው ከራሱ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ዜሮ ማውረድ ይገባል። ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጣል አሉ፦ «ዝርዝሩን መደበቅ በር መዝጋት ነው፤ መቆለፍ አይደለም። ለእናትሽ የይለፍ ቃል ያለው የራሷን አካውንት ክፈቱላት።»

በዚያው ማታ ሁሉንም አደረግኩ። በእናቴ አካውንት ቢጫው ፎልደር ሲከፈት የማንም ስም አይታይም። ለእናቴ ሳሳያት «ጎሽ ልጄ» አለች፤ ፊቷ ግን አልፈታም። ከዝርዝሩ የጠፋው ስም ከሴትየዋ አፍ አልጠፋም ነበር። ዓርብ ሳይደርስ የጎረቤታችን የፍቺ ወሬ ሰፈሩን አዳርሷል።

እናቴ ነጠላዋን ለብሳ «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ጎረቤታችን በር ከፍታ አየችን፤ ግቡ ለማለት ጊዜ ወሰደባት። እናቴ ሳትቀመጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አደራሽን አልጠበቅኩም። ይቅር በይኝ» አለቻት። እኔም «እትዬ፣ አጥፊው ተብዬ ያቆየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ይህን ስናገር ድምፄ እንደ ሕፃን ልጅ ሆነብኝ።

እትዬ ብዙ አልተናገረችም። ሻይ ቀዳችልን። ሻዩን ጠጥተን ልንወጣ ስንል «ፍርድ ቤቱ ሌላ ማመልከቻ ጠይቆኛል፤ ሰኞ እመጣለሁ» አለች። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብላ «ስሜን ግን እላዩ ላይ አትጻፉት» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእናቴ ፋይሎች ላይ የሰው ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚገልጸው ደብተር ከእናቴ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ውክልና ልታስጽፍ መጥታ የነበረችው ሴት እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ተማሪ ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ የምንጠቀምበት ግን ብዙ ነን። በቤታችን ከሁላችን የተሻለ ኮምፒውተር የምናውቀው ደግሞ እኛ ልጆቹ ነን። ወላጆቻችን «ይሄን አስተካክሉልኝ» ሲሉን ጥቃቅን ነገር እየመሰለን ለነገ እናሳድራለን። እኔ ያሳደርኩት ሥራ ሲሠራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቢጫውን ፎልደር ክፈቱና አጠገባችሁ እንግዳ የተቀመጠ አድርጋችሁ ገጹን አንብቡት።