ከሠርግ ፎቶ አንሺ ጋር ከመዋዋል በፊት

በሰው አገር የሚደገስ ሠርግ ሁለት ዓይነት እንግዳ አለው። አንደኛው አዳራሽ ገብቶ ከድግሱ የሚቋደሰው፣ እልል የሚለውና እስክስታ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ግን ቪዛ ተከልክሎ፣ ወይም ዕድሜና ሕመም ይዞት፣ ወይም የአውሮፕላን መሳፈሪያው አልሞላ ብሎት አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደር ወይም ሐረር የቀረው ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው እንግዳ ሙሽሪትን የወለደች እናት ወይም ሙሽራውን ያሳደገ አባት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ በስልክ በቀጥታ ማየት ቢቻልም መስመሩ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይጠፋል። እናት በእጇ ይዛ ለጎረቤት የምታሳየው፣ ከአልጋዋ በላይ የምትሰቅለው ፎቶግራፉን ነው።

ስለዚህ ፎቶ አንሺ መቅጠር ከአዳራሽ ኪራይ፣ ከበሬና ከኬክ በኋላ በተረፈው ገንዘብ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም። ወጡ ቢቀጥን ይረሳል፣ ሙዚቃው ቢበላሽ ይሳቅበታል። ያልተነሳ ፎቶ ግን ሠርጉ ተመልሶ አይደገስለትም።

በዋሽንግተን አካባቢ የተጋቡ የአንድ ባልና ሚስት ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ፎቶ አንሺውን ያገኙት በጓደኛ በኩል ነበር። «ለእናንተማ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ሌሎች ከጠሯቸው በግማሽ ተስማማ። ቀብዱን በጥሬ ገንዘብ ተቀበለ፤ ደረሰኝ አልተጻፈም፤ ውል የሚባል ነገርም አልተነሳም። ውል መጠየቅ ሰውየውን እንደ መጠርጠር መስሎ ታያቸው። የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹን፣ አበባውንና የተጌጠውን መኪና በመቶ በሚቆጠር ፎቶ አነሳ። ሙሽሪትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ ግን ለዚህ ቀን ብላ ከአገር ቤት መጥታ ነበር። ሙሽሮቹ ዝቅ ብለው የአክስቲቱን ጉልበት ሲስሙ ፎቶ አንሺው ባትሪ ሊቀይር ወደ መኪናው ወጥቶ ነበር። ፎቶዎቹ ከአምስት ወር ልመና በኋላ ሲደርሱ አክስቲቱ የምትታየው በሰው ትከሻ መካከል፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው። አገሯ ተመልሳ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ፎቶ አንሺው ክፉ ሰው አልነበረም። እነርሱ አክስቲቱ ማን እንደሆነች አልነገሩትም፤ እርሱም አልጠየቀም።

ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወዳጅነት ጥሩ ነገር ቢሆንም የሥራን ቦታ አይተካም፤ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የተባለውም ለዚህ ነው። ሙሽሮች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ጥቂት ነገሮችን በእርጋታ ማየት ይኖርባቸዋል።

የመጀመሪያው ሥራውን መመልከት ነው። ማንኛውም ፎቶ አንሺ በዓመታት ውስጥ ካነሳው መርጦ ሃያ የሚያምሩ ፎቶዎች ማሳየት ይችላል። የሚጠየቀው ግን የአንድ ሠርግ ፎቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው። ጠዋት በሙሽሪት ቤት፣ እኩለ ቀን በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ ከሰዓት በኋላ በመናፈሻ፣ ሌሊት ደግሞ መብራቱ በደበዘዘ አዳራሽ ያነሳው ሁሉ ይታይ። በፀሐይ ብርሃን ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ባለሙያ የሚለየው በጨለማው አዳራሽ፣ ሰው እየጨፈረ ሳለ ነው።

ከዚህ ጋር የቆዳና የልብስ ቀለም ነገር አለ። ካሜራ ለራሱ ከተተወ ብርሃን የሚለካው ፊቱ ያለው ሁሉ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ግራጫ ነው ብሎ በመገመት ነው። ነጭ ቬሎና ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ምስሉን ሲሞሉት «ብርሃን በዝቷል» ይልና ይቀንሰዋል። በዚህም ልብሱ ይደበዝዛል፣ የጠይሚቱ ሙሽሪት ፊት ይጠቁራል። ይህን ለማካካስ ፍላሹን ያለ ልክ የሚተኩስ ደግሞ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል፣ የጥበቡን ጥለት ያጠፋዋል፣ የካባው የወርቅ ጥልፍም ብልጭ ብሎ ዓይን ይወጋል። ነገሩ የቆየ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ብቻ የያዘ ነበር፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው የሚታዩበት ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ፊልሙ በዲጂታል ቢተካም ጥያቄው አልቀረም። እናም ሙሽሮች ፎቶ አንሺውን «ነጭ የለበሱ ጠይምና ጥቁር ሰዎች ያነሳኸውን አሳየን» ቢሉት ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፎቶ አንሺው ሥርዓቱን ማወቁ ነው። ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ቀለበት ማድረግን፣ ኬክ መቁረስንና የመጀመሪያውን ጭፈራ ያውቃል። ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ጉልበት ሲሳም፣ ዳቦ ሲቆረስ፣ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ ሚዜዎቹን «አናስገባም» ሲል ግን ቀልድ ይሁን ጠብ ላይገባው ይችላል። ሐበሻም ቢሆን ያደገበት አካባቢና ሃይማኖት ከሙሽሮቹ የተለየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቀኑ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ የማይታለፉት ነገሮች ተለይተው ሊሰጡት ይገባል።

በተክሊል ለሚጋቡ ጥንቃቄው ይበዛል። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸም በማለዳ ይጀመራል፣ ብዙ ሰዓትም ይወስዳል። ጫማ ይወልቃል፣ ወደ መቅደስ አይገባም፣ የት መቆም እንደሚቻልና ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነም የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው። ሙሽሮቹ ቀደም ብለው የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቀው መልሱን ለፎቶ አንሺው ቢነግሩት በዕለቱ ከዲያቆን ጋር መጨቃጨቅ አይኖርም። በእስልምና ሥርዓት ለሚጋቡም እንዲሁ ነው፤ ኒካው ሲታሰር ማን እንደሚገኝ፣ በሴቶች በኩል ያለውን ማን እንደሚያነሳ አስቀድሞ ይነገር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወንዶችና ሴቶች በየአዳራሻቸው ሲቀመጡ የሴቶቹን የምታነሳ ሴት ፎቶ አንሺ ትቀጠራለች። በአሜሪካና በአውሮፓም ይህን የሚፈልግ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ሊጠይቅ ይገባል፤ በሠርጉ ሳምንት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳልና።

ከቅደም ተከተሉ ጋር የሰዎች ስም ዝርዝር ይሰጥ። አያት፣ የክርስትና እናት፣ ያሳደገች አክስት፣ ከሩቅ የመጣ ወንድም፣ ዊልቸር ላይ ያሉ አዛውንት ሁሉ በዝርዝሩ ይግቡ። ፎቶ አንሺው ግን በስም አያውቃቸውም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሚያውቅ አንድ አንድ ሰው ተመድቦ «እማማ፣ ይምጡ፤ ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ይቁሙ» እያለ ያሰባስብ። ይህ ሥራ ለሙሽራው ወይም ለሙሽሪት አይሰጥም። አዛውንቶቹም ሳይደክሙና ሳይሄዱ መጀመሪያ ይነሱ፤ ወጣቱ እስከ ሌሊት አለ።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። ፎቶ አንሺዎች የሚዋዋሉት ብዙውን ጊዜ በሰዓት ቁጥር ነው። ስምንት ሰዓት የተዋዋለ ሰው ስምንት ሰዓቱ ሲያልቅ ዕቃውን ይሰበስባል፤ ወይም ለተጨማሪው ያስከፍላል። የሐበሻ ሠርግ ደግሞ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጀመሩ የተለመደ ነው። እንግዳው ገብቶ ሳያልቅ ሰዓቱ ይነጉድና ምርቃቱና ኬኩ ላይ ሲደረስ ፎቶ አንሺው ደጅ ወጥቷል። መፍትሔው የሠርጉን ሰዓት በሐቅ መገመት፣ ለተጨማሪው ሰዓት ስንት እንደሚከፈልም ውሉ ላይ ማስፈር ነው። ቅልቅልና መልስ በሌላ ቀን ከሆኑ ለብቻ የሚከፈልባቸው መሆን አለመሆናቸውም ይጠየቅ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ሐበሻ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲል ፈረንጁ 9 ሰዓት የሚለውን ማለቱ ነው። ይህን ቃል በቃል ተርጉሞ ለፈረንጅ ፎቶ አንሺ «3 ሰዓት ና» ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ በኋላ ከሰዓት ሊያገኘው ይችላል። ቀኑም ሰዓቱም በሚኖሩበት አገር አቆጣጠር ይጻፍ።

አራተኛው ውሉ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ውል ጠብ አይደለም፤ እንዲያውም ዝምድናን ከጠብ የሚጠብቅ አጥር ነው። ውሉ ላይ የሚመጣው ፎቶ አንሺ ስም ይጻፍ። ያለበለዚያ የአንዱን ሥራ አይተው የተዋዋሉ ሙሽሮች በዕለቱ ሌላ ልጅ ካሜራ ይዞ ሊመጣባቸው ይችላል። የቀብዱ መጠን፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ ፎቶው የሚረከቡበት ቀን፣ ስንት ፎቶ እንደሚደርሳቸውና አልበም ይኑረው አይኑረው ተለይቶ ይቀመጥ። ፎቶ አንሺው ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ ሠርጉ ቢራዘም ቀብዱ ምን እንደሚሆንም ይታሰብ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሠርጋቸውን ያራዘሙ ሁሉ የዚህን አንቀጽ ጥቅም ያውቁታል። ገንዘቡ ቢቻል በቼክ ወይም በካርድ ይከፈል፤ በጥሬ ከሆነም ደረሰኝ ይጻፍ። ሙሉውን ክፍያ አስቀድሞ ካልሰጣችሁኝ የሚልና ውል ለመፈረም የሚያንገራግር ፎቶ አንሺ ቢቀር ይሻላል።

አምስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከፍሎ ያስነሳ ሰው ፎቶው የራሱ ይመስለዋል። ነገር ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ለሠርግ በተቀጠረ ባለሙያ የተነሳ ፎቶ መብቱ የባለሙያው ወይም የአሠሪው ድርጅት ነው፤ ወደ ሙሽሮቹ የሚዞረው በጽሑፍ ተፈርሞ ሲተላለፍ ነው። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. የ1988ቱ ሕግ መብቱን ለፎቶ አንሺው ይሰጣል፤ ሆኖም ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ፎቶ ያስነሳ ሰው ምስሉ ለሕዝብ እንዳይታይ መከልከል ይችላል። በካናዳ ደግሞ እስከ ኖቬምበር 2012 ድረስ ባለመብቱ ከፍሎ ያስነሳው ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መብቱ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሯል፤ ያስነሳው ሰው ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ለግሉ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህ የጠበቆች ነገር ብቻ አይደለም። አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች በባለሙያ የተነሳ ፎቶ ሲመጣላቸው የፎቶ አንሺውን የፈቃድ ወረቀት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሙሽሮቹ ለግላቸው ማተም፣ ማባዛትና ለዘመድ መላክ እንደሚችሉ በውሉ ይጻፍ። ፎቶ አንሺው ምስላቸውን ለማስታወቂያ ወይም በኢንተርኔት ለማውጣት ይችል እንደሆነም አብሮ ይወሰን። በአገር ቤት ፖለቲካ ምክንያት ፊቱ እንዲታይ የማይፈልግ፣ ወይም በሃይማኖቷ ምክንያት ምስሏ በየስልኩ እንዲዞር የማትፈቅድ እንግዳ ይኖራልና።

በመጨረሻ ማስቀመጡ አለ። ፎቶ አንሺው ካሜራው በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ ላይ የሚቀዳ መሆኑን፣ ሌላ ካሜራ በተጠባባቂነት መያዙን፣ በዚያው ሌሊትም ፎቶዎቹን ገልብጦ ማስቀመጡን መጠየቅ ይገባል። አንድ ካርድ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ካርዱ ቢበላሽ ሠርጉ በሙሉ አብሮ ይጠፋል። ሙሽሮቹም ከተረከቡ በኋላ አንዱን ቅጂ ቤታቸው፣ ሌላውን ከቤታቸው ውጪ ያኑሩ። በ1990ዎቹ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የተላኩ የሠርግ ቪዲዮ ካሴቶች ብዙ ቤት አሳዝነዋል፤ የአሜሪካው ካሴት በኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተቀዳ፣ የአገር ቤቱ ቴሌቪዥን ደግሞ በፓል የሚሠራ ስለነበር ወላጆች ያዩት የሚንቀጠቀጥ መስመር ነበር። ካሴቱም አለፈ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሲዲም ማጫወቻው እየጠፋ ነው። በጥሩ ወረቀት ታትሞ በአልበም የተቀመጠ ፎቶ ግን ማሽን አይፈልግም።

ስለዚህም ከበጀቱ ላይ ለሁለት ትንንሽ አልበሞች፣ አንድ ለሙሽሪት ወላጆች አንድ ለሙሽራው ወላጆች የሚሆን ገንዘብ ቀድሞ ይነሳ። ወደ አገር ቤት የሚሄድ መንገደኛ አይጠፋም፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ በርበሬ አይበልጥም። ያቺ ቪዛ የተከለከለችው እናት አልበሙን ከፍታ የልጇን ፊት በጠራ ብርሃን ስታይ፣ እርሷ ልትመርቅበት በሚገባት ቦታ ማን ቆሞ እንደመረቀላት ስትለይ፣ ከሠርጉ ድርሻዋን አገኘች ማለት ነው። በዚህ ወቅት ለሚጋቡ ሁሉ ትዳራቸውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው።