ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት ማን ያነበዋል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ተራ ወረቀት ነው። "ለተማሪ ወላጆች በሙሉ" ብሎ የሚጀምር፣ ከታች ማህተም ያረፈበት፣ ልጁ ቦርሳ ሥር ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር ተጨማዶ የሚገኝ ወረቀት። ሁላችንም ቤት አለ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህን ወረቀት ቤታችሁ ውስጥ ማን ያነበዋል?

እኔ የምሠራው ሶማሌ ተራ፣ በአባቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ከእኔ በታች ሦስት አሉ፤ አንዷ ስምንተኛ ክፍል፣ አንዱ ስድስተኛ፣ ትንሹ ደግሞ ሁለተኛ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አባቴ አባት ነው፤ በስብሰባ ላይ ግን የእነሱ "ወላጅ" እኔ ነኝ።

አባቴ ግድ የለሽ ሰው ሆኖ አይደለም። ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ በረንዳ ላይ ነግዶ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ኩሽኔታ በጣቱ ዳብሶ የየትኛው መኪና እንደሆነ ይነግርሃል። የፍሪሲዮን ዋጋ ባለፈው ዓመት ስንት እንደነበር ሳያስታውስ አያድርም። ረጅም ደብዳቤ ግን አይወድም። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ማህተም ያለበት ወረቀት ብዙ ጊዜ የምሥራች ይዞ አይመጣም። ወይ ግብር ነው፣ ወይ ቅጣት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ወረቀቱን ሲሰጡት የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ "ስንት ብር ነው የሚሉት?"

ኡሚ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ግን ወረቀቱን አትጥልም። ፍሪጁ ላይ፣ ከመድኃኒት ማዘዣና ከመብራት ደረሰኝ ጋር በጥንቃቄ ታስቀምጠዋለች። እስኪነበብ ይጠብቃል። አንዳንዱ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይነበባል።

የብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነው። ልጆቹም ይህን ክፍተት ያውቁታል። "ወላጅ ይዘህ ና" የተባለ ልጅ ከሱቅ ፊት ዕቃ የሚያወርደውን ወጣት በሻይ አባብሎ "አጎቴ ነው" ብሎ ይዞ የሄደበትን ታሪክ መርካቶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስንሰማው እንስቃለን። ግን ቆም ብለን እናስበው እስቲ። መምህሩ ስለ ልጃችን የሚያስጨንቀውን ነገር ስማችንን ለማያውቅ ሰው ነግሮ ተመልሷል ማለት ነው። እኛ ጋ የደረሰ ነገር የለም።

ለመሆኑ ወረቀቶቹ ምን ይላሉ? በእጄ ካለፉት ውስጥ ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው ስለ ስም ነበር።

"የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ወላጆች እስከ አርብ ድረስ ቀርባችሁ አረጋግጡ" ይላል። ከዚህ በላይ ምንም የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ 6ኛና 8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና እንዳለ ታውቃላችሁ። ለፈተናው ሲመዘገቡ የሚሞላው ስም ቀላል ነገር አይደለም። ውጤቱ ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ትምህርት ቤት የሚሻገረውም እሱ ነው።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሄድኩ። የእህቴን ስም በጣቴ እየተከተልኩ አገኘሁት። የእሷ ስም ልክ ነው። የአባቷ ስም በልደት ካርዷ ላይ "ሙሐመድ" የሚለው እዚህ "መሀመድ" ሆኗል። የአያቷ "ሰይድ" ደግሞ "ሰዒድ"። የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ከልደት ካርዱ ጋር አይገጥምም። የሪከርድ ክፍሏ ሠራተኛ የልደት ካርዱን አይታ፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አስተካከለችልኝ። "እንኳን መጣህ" አለችኝ። አጠገቡ ያለውን የፊርማ ቦታ አየሁት። ከሃምሳ በላይ ልጆች ካሉበት ክፍል የፈረመው ወላጅ አሥራ አንድ ነበር።

የእኛ ስሞች ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ። ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጡመት። ዐብዱረሕማን አንዴ ተነጣጥሎ አንዴ ተገጣጥሎ። በአማርኛ ሲነበብ ሁሉም አንድ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ በ"ኦ" አንዱ በ"ዩ" ይሆንና ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርግሃል። ፋይዳ መታወቂያው በአንድ ዓይነት፣ የፈተና ሰርተፍኬቱ በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ውጭ አገር የመማር ዕድል አግኝቶ ሰነዶቹን ሲያቀርብ የአባቱ ስም በሁለት ዓይነት ተጽፎ ተገኘ። ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ ማመልከቻ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። ወረቀቱ ሲስተካከል ዕድሉ ቀኑ አልፎበት ነበር። ስህተቱ የት እንደጀመረ ወደ ኋላ ሲፈልግ ያገኘው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። ምናልባት ያኔም ግድግዳ ላይ ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ምናልባት ያኔም አንድ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር፣ እዚሁ መርካቶ ዑመር ሰመተር የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ሱቅ በር ላይ የቆሙ ልጆችን "ዑመር ሰመተር ማነው?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ትምህርት ቤት ነዋ!" አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ ግን ከትምህርት ቤቱ በፊት ሰውየው ነበር። በ1918 ዓ.ም. በዛሬዋ ሶማሊያ፣ ኤል ቡር በተባለ ቦታ በጣልያን ቅኝ ገዢዎች ላይ ተነስቶ ምሽጋቸውን የያዘ ሶማሌ ነው። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ለጣልያን ወረራ ሰበብ የሆነው የወልወል ግጭት ሲነሳ ከኢትዮጵያ ወገን ነበር፤ በኋላም በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፏል።

በየቀኑ ስሙን እየጠሩ የሚያልፉ ልጆች ይህን ካላወቁ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ማታ ቤት ስንገባ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" የሚለውን እንኳን ስለማንጠይቅ ነው። ጠይቁ። ባታውቁት አብራችሁ ፈልጉት።

ሁለተኛው ወረቀት ስለ ምሳ ነው።

ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባውን በሰፊው ጀምሯል። ዩኒፎርምና ደብተርም አብሮ ይሰጣል። ይህን እንደ ቀላል የሚያይ ሰው ካለ በባዶ ሆድ ተምሮ አያውቅም ማለት ነው። በእኔ ጊዜ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲጠነክር የሚወድቁ ልጆች ነበሩ። መምህሩ ውኃ ይረጭባቸው ነበር። ለምን እንደወደቁ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ። ዛሬ ምግቡን የሚያበስሉት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ለልጁ ምሳ፣ ለእናቲቱ ደግሞ ሥራ ሆኗል።

ግን ምገባውም የቤተሰብ ትብብር ይፈልጋል። ወረቀቱ የሚለው "ምግብ የማይስማማው፣ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ አሳውቁን" ነው። የትንሹ ወንድሜ ወረቀት ላይ "እንቁላል አይስማማውም" ብዬ ጽፌ መለስኩ። ረመዳን ሲመጣም እንዲሁ ነው። ትንንሾቹ "እኔም እጾማለሁ" ብለው ግማሽ ቀን ይሞክራሉ፤ እኛም ደስ ይለናል። መምህሯ ግን ልጁ ለምን እንደማይበላ፣ ለምን እንደሚያንቀላፋ ከቤተሰቡ መስማት አለባት። አንድ መስመር ጽፎ መላክ ምን ይከብዳል?

ሦስተኛው ወረቀት መጥሪያ ነው። የወላጆች ቀን።

ይህኛውን ሳስብ ደስታና ሐዘን አብረው ይመጡብኛል። ሰኔ መጨረሻ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይጣላል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይክራፎን እየተቀባበሉ ይናገራሉ። መዝሙር አለ፣ አጭር ድራማ አለ፣ ጥያቄና መልስ አለ። ከዚያ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ስም ይጠራል። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተርና የምስክር ወረቀት ነው። ስሙ የተጠራ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ዓይኑ ሽልማቱ ላይ አይደለም። ወደ ወንበሮቹ ነው። ይፈልጋል።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ። ሲጠራ ተነስቼ "ማሻአላህ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከእሱ ቀጥሎ ሦስተኛ የወጣችው ልጅ ግን ወደ ወንበሮቹ አይታ፣ እንደገና አይታ፣ አንገቷን ደፍታ ወረደች። አባቷን አውቃቸዋለሁ። ሱቃቸው ከግቢው አጥር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መጥፎ አባት አይደሉም። ያን ቀን ኮንቴነር እየራገፉ ነበር። ለዚያች ልጅ ዩኒፎርሙንም፣ አስጠኚውንም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ግን እሷ ያን ቀን የፈለገችው ገንዘብ አልነበረም።

እዚህ ላይ የገበያችንን የተለመደ ንግግር እሰማለሁ። "ተምሮስ ምን ሆነ? ዲግሪ ያለው ታክሲ ይጠብቃል፤ ያልተማረው ሕንፃ ሠራ።" እኔ ራሴ ዲግሪ ይዤ ካንዴላ እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ይህን ንግግር ለእኔ የነገረኝ ሰው ብዛቱን አላህ ይወቀው። መልሴን ግን ልንገራችሁ።

ያለ ትምህርት ሕንፃ የሠሩት ሰዎች የነገዱበት መርካቶ ዛሬ የለም። ዛሬ ዕቃ የሚታዘዘው በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳትክ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ዕቃ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ይሞትብሃል። ክፍያው በስልክ ነው። ደረሰኝ፣ ቫት፣ የሒሳብ መዝገብ አለ። አባቴ እኔን ዩኒቨርሲቲ ሲልከኝ ብዙዎች "ለምን ጊዜውን ታባክናለህ?" ብለውት ነበር። አሁን ከእነሱ አንዳንዶቹ ግብር ማሳወቂያ ሲደርስ ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡት እኛ ሱቅ ነው።

ትምህርት ላይ ያለብን ችግር ደግሞ የመርካቶ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ ይወድቃል። ውጤቱ ሲወጣ ሁላችንም ደነገጥን። ግን ያ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ በድንገት አልወደቀም። ሦስተኛ ክፍል እያለ ማንበብ ሲያቅተው መምህሩ ወረቀት ልኮ ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ሲከብደው ሌላ ወረቀት መጣ። አልተነበበም።

እና ምን እናድርግ? ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁ። የራሳችሁ ልጅ የላችሁ ይሆናል። ግን ታናሽ አላችሁ፣ የእህት ልጅ አላችሁ፣ የጎረቤት ልጅ አላችሁ። በቤታችሁ ውስጥ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ እስከዚህ ድረስ ያነበባችሁ ሰዎች እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ያን ወረቀት የማንበብ አማናም የእናንተ ነው።

የሚከብድ ነገር አልጠይቃችሁም። ሐሙስ ማታ ቦርሳ የመፈተሻ ቀን ይሁን። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ አባት ካልቻለ እናንተ ሂዱ፤ ማንነታችሁን ለመምህሩ ንገሩ፣ ስልካችሁን አስመዝግቡ። በወላጅ፣ በተማሪና በመምህራን ኅብረቱ ውስጥ ሰው ሲፈለግ ወላጆቻችሁን አበረታቱ፤ ስለ ልጆቻችን የሚወሰነው እዚያ ነው። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ካላችሁ የልደት ካርዱን ይዛችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ ወረቀቱን አንብቡላት፤ ከዚያ "ምን እንመልስ?" ብላችሁ ጠይቋት። ውሳኔው የእሷ ነው፤ እናንተ ዓይኗ ናችሁ እንጂ ቦታዋን አልወሰዳችሁም።

አባቶችን ደግሞ አንለፋቸው። እኔ አባቴን ለስብሰባ ማምጣት አልቻልኩም። ለወላጆች ቀን ግን ዘንድሮ ከአሁኑ ቀኑን ነግሬዋለሁ፤ ሱቁን ለሁለት ሰዓት እኔ እጠብቃለሁ፣ እሱ ሄዶ ያጨበጭባል። "ስንት ብር ነው?" አለኝ። "በነጻ ነው" አልኩት። ሳቀና "እሺ፣ ኢንሻአላህ" አለ።

አላህ ልጆቻችንን ለራሳቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሁን ስልኩን አስቀምጡና የትንሹን ቦርሳ ክፈቱ።