ለልጃችሁ የፔይንትቦል ማርከር ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህቺን ጽሑፍ ሳታልፏት አንብቡልኝ። እዚህ ቨርጂኒያ የሰፈራችን ወጣቶች በወር አንዴ ፔይንትቦል መጫወት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እነሱን ሳመላልስ እኔም ገባሁበት። ለማታውቁት፦ ቀለም የያዘ ትንሽ ኳስ በታመቀ አየር እየተኮሱ የሚጫወቱት ነው፤ ኳሱ ላያችሁ ላይ ከፈረጠ ከጨዋታው ወጣችሁ። መተኮሻውን ማርከር ይሉታል። መጀመሪያ የተሠራው ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ጓደኛሞች ጨዋታ አደረጉት።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ በቃ የራሴን ልግዛ" አለኝ። ዕድሜው 17 ነው፤ በትምህርት እረፍት ሠርቶ ያጠራቀመው 400 ዶላር አለው። በስልኩ ያሳየኝ ኤሌክትሮኒክ ማርከር ገንዘቡን ሙልጭ አድርጎ የሚበላ ነው። "ይሄ እኮ በሰከንድ 10 ይተኩሳል!" አለኝ። ሒሳቡን ራሱን አሠራሁት። አንድ ካርቶን 2,000 ኳስ ይይዛል፤ በሰከንድ 10 ከተኮሰ በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል። ብዙ ሜዳዎች ደግሞ ኳስ ከውጭ ይዞ መግባት አይፈቅዱም፣ በእነሱ ዋጋ ነው የሚገዛው። ልጁ ዝም አለ።

ከማስክ ጀመርን። ሜዳዎች የሚፈቅዱት የኳስ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ300 ጫማ አይበልጥም፣ ዓይን ለማጥፋት ግን ከበቂ በላይ ነው። ርካሹ ማስክ ትንፋሽና ላብ ያደበዝዘዋል፤ ልጅ ማየት ሲያቅተው ደግሞ ማስኩን ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል። አደጋው ያኔ ነው። ስለዚህ ድርብ መስታወት ያለውን ግዙ፣ እዚህ ላይ ዶላር አትቆጥቡ።

ቀጥሎ ታንክ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው በብርድ ቀን ግፊቱ ይወርዳል፤ የታመቀ አየር ይሻላል። ባለ 3,000 ፒኤስአይ የአሉሚኒየም ታንክ ለጀማሪ ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ላዩ ላይ የታተመውን ቀን እዩ፤ በየ5 ዓመቱ ካልተፈተሸ ሜዳው አይሞላላችሁም።

ማርከሩ ራሱ ሜካኒካል ቢሆን እመርጣለሁ። ባትሪ አይፈልግም፣ ጣት በሳበው ልክ ብቻ ይተኩሳል። ቲፕማን 98 ጭቃ ቢገባበትም ተፈታትቶ ይጸዳል፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ያገለገለም ይገኛል። ድምፁ ይጮኻል፣ አየርም ይበላል። ኢሜክ 100 ይወደዳል እንጂ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፣ አየር ይቆጥባል። አቅሙ ያለው ኢሜክን ይግዛ።

የተከራከርነው በመልኩ ነው። ልጁ የወታደር ጠመንጃ ቁርጥ የሚመስል አይቶ ልቡ ሄዷል። ዋጋው ደህና ነበር፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ መናፈሻ ውስጥ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ ደርሶ በሰከንዶች ውስጥ ተኮሰበት፤ በማግስቱ ሞተ። ልጆቻችን እዚህ አገር ጥቁር ናቸው። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው ስለ ቀለም ኳስ የሚያውቀው ነገር የለም። "ሜዳ ውስጥ ብቻ ነው የምይዘው" አለኝ። ሜዳው ጋር የሚደርሰው ግን በመንገድ አልፎ፣ በጎረቤት ፊት መኪና ላይ ጭኖ ነው።

በመጨረሻ ያገለገለ ቲፕማን በ90 ዶላር ገዛ፣ ከላይ ኳስ መያዣው ተጨምሮበት። ማስኩ 70፣ ታንኩ 60 ወጣበት። ቀሪው 180 ለኳስና ለመግቢያ ነው። ማርከሩ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፤ አየሩ ወጥቶ፣ አፈሙዙ ተሸፍኖ፣ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ። ከመኪናው ኋላ የሚወጣውም ሜዳው በር ላይ ስንደርስ ብቻ ነው።