ሐኪም አይደለህም፤ ጤና ጣቢያውን ግን ታውቃለህ

መምህርነትን አልመረጥኩትም። የ10ኛ ክፍል ውጤቴ መሰናዶ ስላላስገባኝ ነው መምህራን ኮሌጅ የገባሁት። ይህንን ለዓመታት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝ ሲመጣ «ልጆች ስለምወድ ነው» እል ነበር። በ10+3 ተመርቄ ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስመደብ በልቤ የያዝኩት እቅድ አንድ ነበር፦ ክረምት ክረምት እየተማርኩ ዲግሪዬን ይዤ ከዚህ ሙያ መውጣት።

አራተኛ ክፍል ተሰጠኝ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ አንድ መምህር ክፍሉን ይዞ ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምርበት ነበር። አማርኛውም፣ ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም፣ መዝሙሩም፣ ኳሱም የእኔ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን መልካም። አቴንዳንስ መያዝ አለ፣ ሮስተር መሥራት አለ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ መያዝ አለ፣ የተደባደቡትን ማስታረቅ አለ፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ አለ። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ በግማሽ ይጎድላል፤ የገበያ ቀንማ አይነሳ። ይህን ሁሉ ከደመወዝ ውጭ የተጫነብኝ ዕዳ አድርጌ ነበር የማየው። የተቀጠርኩት ላስተምር ነው፣ የቀረው የሌላ ሰው ሥራ ነው ባይ ነበርኩ። (በዚህ አቋሜ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላፍርም፤ እመለስበታለሁ።)

በትምህርት ቤቱ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንዲት አንጋፋ መምህርት ነበሩ። የጠረጴዛቸው መሳቢያ ሲከፈት ጠመኔ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የሴት ልጅ ነገር። መሳቢያቸውን ሳይ «ደግ ሴት ናቸው» ብዬ አልፌ ነበር። ደግነታቸውን እንጂ አሠራራቸውን አላየሁም።

አሠራራቸውን ያየሁት አንድ ልጅ ከትምህርት መቅረት ባበዛ ጊዜ ነው። ስጠይቀው እናቱ ዓይናቸውን ያማቸዋል። በዚያ አካባቢ ትራኮማ የቤት በሽታ ነው፤ እየቆየ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይፍቀዋል። ልጁ ቤት የሚውለው የእናቱን ሽፋሽፍት በወረንጦ ለመንቀል ነበር። እጁ የማይንቀጠቀጥ እሱ ብቻ ስለሆነ። ለእትዬ ነገርኳቸውና «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ሐኪም አይደለሁ» አልኩ።

«ሐኪምማ አይደለህም» አሉኝ። «ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ግን ታውቃለህ። እናቲቱ አያውቁም፤ ቢያውቁም የሚቆርጧቸው ይመስላቸዋል።»

እሳቸው ያደረጉት ይህን ያህል ነው፦ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠሩ፣ ቀድሞ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የዳነች አንዲት ጎረቤት ፈልገው እናቲቱ ዘንድ ላኩ፣ እኔን ደግሞ ልጁ ያመለጠውን ክፍልፋይ ከሰዓት በኋላ እንዳስተምረው አዘዙኝ። ሕክምናው ረጅም አይደለም፣ በነጻ ነው የሚሰጠውም። እናቲቱ ታከሙ፤ ልጁ መቅረት አቆመ። እትዬ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልወጡም።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነበር። ጥምቀት አልፎ የሠርግ ወቅት ገብቷል። አንዲት ዝምተኛ ተማሪዬ ግማሹ ያልተጻፈበትን ደብተሯን አጠገቧ ለምትቀመጠው ልጅ ስትሰጥ አየኋት። ደብተር በዚያ አገር እንዲህ በዋዛ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። በእረፍት ሰዓት ለእትዬ ነገርኳቸው። ልጅቷን ቢሮ ጠርተው አልጠየቋትም፤ ክፍል እንድታጸዳ አስቀርተው አብረዋት መጥረግ ጀመሩ። ወለሉ ተጠርጎ ሲያልቅ የሠርጉ ቀን ታውቋል።

ፈራሁ። ዋናው ኑዛዜዬ ይኸው ነው። የተከራየሁት ክፍል ከአባቷ አጥር ጋር የተያያዘ ነበር፤ ወተት የምገዛውም ከእነሱ ነው። ያንን ሰፈር ጥሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ አስልቼ ነበር። እትዬ ፍርሃቴን አልተቆጡም። «ብቻህን ሄደህ የምታመጣው ጠብ ነው» ብለው ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩ ነገሩ፤ ከዚያ ቀበሌ፣ ከቀበሌ የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ደረሰ። የእኔ ድርሻ ወረቀት መፈለግ ሆነ።

ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ደግሞ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ይቀጣል። አባትየው ግን «18 ሞልቷታል» ብለው ቆሙ። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌና ሹም በተቀመጠበት ሊታመን የሚችለው ብቸኛ ጽሑፍ የ1ኛ ክፍል ምዝገባዋ ነበር። አቧራ የጠጣ ሮስተር ውስጥ፣ እኔ የማላውቀው ተዛውሮ የሄደ መምህር ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ «ዕድሜ፦ 8» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ገና አራተኛ ዓመቱ ነው። እንደ ከንቱ ልፋት አየው የነበረው የዓምድ ሥራ አንዲት ልጅን ከሠርጓ አስጣላት።

አባትየው ዞር ብለው «መምህር፣ እርስዎ ልጅ ወልደው ያውቃሉ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸው ከሰዓት በላይ በእግሯ ስትመላለስ ትጠለፋለች ብለው ይሰጋሉ፤ የታላቅና የታናሽ ሠርግ አንድ ላይ ቢደገስ ወጪው ይቀላል። ይህን ሥጋት ያልሰማ መምህር ሕጉን ቢያነብ ማንም አይሰማውም። ሠርጉ ቀረ። እስከ ፋሲካ ወተት አልተሸጠልኝም፤ በኋላ እትዬ ሽማግሌ ይዘው አስታረቁን። ልጅቷ 8ኛ ክፍልን ጨርሳ ከተማ ካለች አክስቷ ዘንድ ሄደች።

ዲግሪዬን በክረምት ጨረስኩ፣ ከሙያው ግን አልወጣሁም። ዛሬ የማስተምረው አዲስ አበባ ነው። በመምህራን ቀን መድረክ ላይ «መምህር ሻማ ነው፣ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» ሲባል ግን ጆሮዬን ያሳክከኛል። የሚቀልጥ ሰው ለሁለት ዓመት እንጂ ለሠላሳ ዓመት አያስተምርም። እትዬ አልቀለጡም፤ ማን ምን እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። ቀደም ሲል የአዲስ አበባ መምህር ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ለሚደክም ልጅ ከኪሱ ዳቦ ይገዛ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው የምገባ ፕሮግራሙን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲያስፋፋ ያ ሸክም ከመምህሩ ላይ ወረደ። ይህ መምህሩን ከደግነት አላጎደለውም፤ ለንባብ ጊዜ ሰጠው። የመምህሩን ቸርነት እያደነቅን የጎደለውን አሠራር የምንሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወጣት ሆኜ «የቀረው የሌላ ሰው ሥራ ነው» ስል የነበረው ግማሽ እውነትም ይኸው ነው።

ንባብን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልጁን አብልተን፣ አሳክመን፣ ከጋብቻ አስጥለን ማንበብ ካላስተማርነው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። እትዬም ቢሆኑ ለዓይኑ ጉዳይ ሰው ሲጠሩ ክፍልፋዩን ለማንም አልሰጡም፤ ለእኔ ነው የሰጡት።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን የክፍል ኃላፊ መምህር ለማግኘት የካርድ ቀን አትጠብቁ። ልጁ ሌሊት ካልተኛ፣ ሰሌዳው ካልታየው፣ ቤት ውስጥ ሕመም ወይም ፍቺ ካለ ሄዳችሁ ንገሩት። መምህሩ መፍትሔው በእጁ ላይኖር ይችላል፤ ማን ዘንድ እንዳለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል።