ከአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው

የልጅ ልጄ የተወለደው የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከደመወዜ ቆጥቤ ቦንድ ስገዛ «ይህ የአንተ ነው» እለው ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን አየና «አያቴ፣ ድርሻዬን መቼ ነው የምታሳዪኝ?» አለኝ። በግማሽ ዓመት እረፍቱ ይዤው ወደ አሶሳ በረርን።

በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ማረፊያው ትንሽ ነው፤ ከበሩ እንደወጣን ባጃጅ ያዝን። ዋጋውን ሳልጠይቅ ተሳፈርኩ፤ እናንተ እንዲህ አታድርጉ። አየሩ ሞቃት፣ መንገዱ አጭር፣ ሾፌሩ ጨዋታ ወዳጅ ነበር።

«እማማ፣ ለግድቡ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ ልጄ። ሩቅ ነው?»

ሳቀ። «ግድቡ እኮ እዚህ አይደለም፤ ጉባ ነው፣ መተከል ዞን። እንግዳ ሁሉ ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያየው ይመስለዋል።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም መስሎኝ ነበር። ማንጎ ዛፎቹን አልፈን ከተማው መሃል እስክንደርስ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደግነቱ አሶሳ ውስጥ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አለች። የባለቤቷ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ለጉብኝት መኪና አዘጋጅቷል፤ ትርፍ ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወባ በሽተኛ ሳስተምም ኖሬ ልጁን ያለ እኔ ወደ ቆላ ልላከው? ጠዋት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ አልብሼ፣ አጎበርና ውሃ አስይዤ ላክሁት። «ከማታ በፊት አጎበሩን ስቀል፤ ትኩሳት ከተሰማህ አትደብቀኝ» አልኩት።

በማግስቱ ማታ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። «ቁመቱ 145 ሜትር ነው አያቴ! ቀና ብዬ ሳይ አንገቴን አመመኝ» አለና ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ።

ወባ ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ሳምንት ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይነሳል። ከዚያ አካባቢ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩ፤ የት እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩ። እኛ ከተመለስን 19 ቀናችን ነው። ልጁ ደህና ነው፣ እኔ ግን ማታ ማታ ግንባሩን እዳስሳለሁ፤ እሱም «ደግሞ ጀመርሽ!» ይለኛል።