ቡራዩ፣ ራጅ ክፍል

ከጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በዊንጌትና በአስኮ አልፎ ቡራዩ ኬላ ሲያወርደኝ አዲስ አበባ የት ላይ እንዳለቀች አላየሁም። ሱቁ፣ ጅምር ፎቁ፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ ባጃጁ ተያይዞ ወደ ገፈርሳ ይዘልቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገደበው የገፈርሳ ውኃ ዛሬም አዲስ አበባን ያጠጣል። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጎረቤቶቿ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። ገበያው ላይ ሻጯ በኦሮምኛ ትጣራለች፣ በአማርኛ ትከራከራለች፤ ገዢውም እንደዚያው። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ የሥራ ዕድሜዬን አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል ራጅ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አክስቴ ከጉለሌ ለቀው እዚህ ቤት ከሠሩ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ቡራዩን የማውቃት በስልክ ወሬ ብቻ ነበር። ለመንገዱም ለሰዉም እንግዳ ሆንኩ። እንግዳ ያልሆንኩበት አንድ ክፍል ግን አገኘሁ።

አክስቴ ግቢ ውስጥ ጭቃ አዳልጧቸው በእጃቸው ተደግፈው ወደቁ። አንጓቸው አብጦ ሲያድር "ወጌሻ ይየው" አሉ። ለምኜ ለምኜ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ነካክቶ አየና "ራጅ ይነሱ" ብሎ ወረቀት ጻፈልን። ወረፋው ላይ ከእኛ ፊት አንዲት የገጠር እናት ነበሩ፤ ሳል አልለቅ ብሏቸው በሆለታ በኩል ካለ መንደር የመጡ። የራጅ ባለሙያው ወጣት ነው። የሙያ ባልደረባው መሆኔን ስነግረው ፊቱ በራ፤ እናቲቱንም አስፈቅዶ "ይግቡ ጋሼ" አለኝና ከመቆጣጠሪያው መስኮት ኋላ አቆመኝ።

እናቲቱን ደረታቸውን ከምስል መቀበያው ካሴት አስጠግቶ አቆማቸው። የአንገታቸውን ጌጥ ራሳቸው እንዲያወልቁ ጠብቆ በንጹሕ ወረቀት ላይ አኖረው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አስደርጎ ትከሻቸውን ቀስ ብሎ ወደፊት ገፋው፤ ይህ የሚደረገው የትከሻ አጥንት ሳንባውን እንዳይጋርደው ነው። የብርሃኑን መስኮት አጥብቦ ከደረታቸው ውጭ የሚተርፈውን ዘጋ። ከዚያ ወደ መቆጣጠሪያው ተመልሶ ቮልት መለኪያውን አየ። መርፌው ወረድ ብሎ ይርገበገባል። ልጁ ቁልፉን አልነካም። መርፌው እስኪረጋ ጠበቀና በመስኮቱ በኩል፣ ድምፁን ከፍ ግን ለስለስ አድርጎ፣ "ሃዸ ኮ፣ ሃፉራ ኬሰን ቀበዻ" አላቸው፤ እናቴ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ ማለቱ ነው። እናቲቱ ያዙ፤ ማሽኑ ጢጥ አለ፤ አለቀ። አንድ ጊዜ ተነስቶ አንድ ጊዜ ያለቀ ጥሩ ምስል ነበር።

ለምን እንደጠበቀ የማውቀው ቢሆንም ከእሱ መስማት ፈለግሁ። "ጋሼ፣ ቮልቴጁ ሲወርድ የጨረሩ የመሻገር ጉልበት ይወርዳል። ደረቱን በደንብ ሳያልፍ ይቀርና ምስሉ ይበላሻል። ከዚያ ልንደግም ነው። በደገምን ቁጥር እናቲቱ ሌላ ጨረር ተቀበሉ ማለት ነው" አለኝ። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ ይህን ማወቅ የታማሚውን ገላ የሚጠብቅ ነገር ነው። ቁልፍ መጫን ብቻ የተማረ ሰው ማሽኑ ዝግጁ ነኝ ካለው ይተኩሳል።

የአክስቴ ተራ ደረሰ፤ ከፊትና ከጎን ተነሱ፤ ስንጥቅ ተገኘና ጀሶ ታሰረላቸው። ልጁን ግን በምሳ ሰዓቱ ቡና ጋብዤ አስወራሁት።

በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለው። 70 በ30 ተብሎ አብዛኛው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በተመደበበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ ከገቡት አንዱ ነው። ሲመረቅ መምህርነቱ አልደረሰውም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "በፊዚክስ የተመረቀ" የሚል ሲፈልግ ጫማው አለቀ፤ የሰዎችን ልጆች ቤት ለቤት እያስጠና ከረመ። አንድ ቀን ወንድሙን ይዞ ሆስፒታል ሲሄድ የራጅ ማሽኑ ላይ ኪሎቮልትና ሚሊአምፔር የሚሉትን መለኪያዎች አነበበ። "ወረቀት ላይ ስሠራው የኖርኩት ነገር ሰው ሲያክም ያየሁት ያን ቀን ነው" አለኝ። ወጪውን በማስጠናት ሸፍኖ ሙያውን ሊማር ተመዘገበ።

የተመዘገበበት ኮሌጅ ግን የያዘውን ዲግሪ ከቁጥር አላስገባለትም። ከአንደኛ ዓመት፣ ጄኔራል ፊዚክስን ጭምር፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጡት ልጆች ጋር እንደ አዲስ ተቀመጠ። "መምህሩ ሲቀር ክፍሉን የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ፈተናውን ግን ከእነሱ እኩል እፈተናለሁ" አለኝ። ይህን ሲናገር ምሬት አልነበረበትም፤ የተማረረው ሰሚው ነው። ቀን እያስጠና፣ ማታ እየተማረ፣ ልምምዱን እየወጣ ጨረሰ፤ የመውጫውንም የሙያ ብቃቱንም ፈተና አለፈ። ዛሬ ሁለት ዲግሪ አለው፤ ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራባቸዋል። አብረውት ፊዚክስና ኬሚስትሪ የተመረቁት ጓደኞቹ ሊከተሉት ፈልገው ዓመቱን ሲቆጥሩ ተውት። አገር የከሰረችው እዚህ ላይ ነው።

ለልጁም እንዳወጋሁት፣ የራጅ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዊልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ቩርዝቡርግ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ይህን ጨረር ያገኘው በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ ላይ የባለቤቱን እጅ ከነቀለበቷ አነሳ። የካቲት ላይ ዓድዋ ሆነ። ግንቦት ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ዘምተው ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ኔፕልስ ባለው የጦር ሆስፒታል ራጅ ተነሱ፤ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በወታደሮቹ ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈልጎ አገኘው። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ ይኸው እንደሆነ የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። ሁሉም በአንድ የሐበሻ ዓመት ውስጥ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ሲኒውን አስቀመጠ። በሁለቱም ትምህርቱ ማንም አልነገረውም ነበር። ለኢትዮጵያ የራዲዮሎጂ ተማሪ ከሮንትገን ስም ቀጥሎ ሊነገረው የሚገባ ታሪክ ይመስለኛል።

ሮንትገን ሐኪም አልነበረም። አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲጀመር ራጅ ማሽን በመኪና ጭና ወደ ግንባር የወሰደችው ማሪ ኩሪም የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰው ነበረች። 150 ያህል ሴቶችን ለዚሁ ሥራ አሠለጠነች። ቀዳሚ ረዳቷ ያን ጊዜ ገና 17 ዓመት የሆናት ልጇ ኢሬን ነበረች። ኢሬን ግንባር ላይ ቁስለኛ ራጅ እያነሳች በፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትምህርቷን ቀጠለች፤ አንዱን ለሌላው ብላ አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ከባለቤቷ ጋር በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች። እ.ኤ.አ. በ1956 በደም ካንሰር አረፈች፤ ለዓመታት የተጋለጠችበት ጨረር እንዳደረሰባት ይታመናል። የሳይንስ ዲግሪና የራጅ ሥልጠና አብረው ይሄዱ እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው እሷን ያስብ፤ ጨረርን የሚንቅም እንደዚሁ።

የእኔም መንገድ ከዚህ የራቀ አልነበረም። አሜሪካ ስገባ የያዝኩት የባዮሎጂ ዲግሪ ነበር። እዚያ የሙያው መዝጋቢ ድርጅት ኤአርአርቲ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ለፈተና የሚቀርብ ሰው ሁሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ዲግሪው ግን በየትኛውም መስክ ቢሆን ይቀበለዋል። ስለዚህ ዲግሪ ያለው ሰው ወደ ኋላ አይመለስም፤ የቀረውን የሙያ ሥልጠና ሆስፒታል ውስጥ ይጨርሳል። እንግሊዝ አገርም የሳይንስ ዲግሪ ላለው ሰው በሁለት ዓመት ማስተርስ የሚያልቅና ለሙያ ምዝገባ የሚያበቃ መንገድ አለ። በሁለቱም አገር የሚቀነስለት ተማሪው ቀድሞ የያዘው ትምህርት ነው። በታማሚ ላይ የሚደረገው ልምምድ አይነካም። የአሜሪካው ዝርዝር ከ30 በላይ የግዴታ የምስል ዓይነቶችን በእጅ ሠርቶ ማሳየትን ይጠይቃል፤ ምርጫዎቹና አጠቃላይ የታማሚ እንክብካቤው ሲጨመሩ ደግሞ ይበዛል። ዊልቸር ላይ ያለን ሰው ማንሳት፣ የደም ግፊት መለካት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ይህን የምለው የፊዚክስ ምሩቅ ሁሉ ነገ ራጅ ክፍል ይግባ ለማለት አይደለም። ዲግሪው የማይሰጠው ብዙ ነገር አለ። የተሰበረ ዳሌ ያለባቸውን ሽማግሌ ሳያሳምሙ ማዞር፣ የሚያለቅስ ሕፃንን ከእናቱ ጋር አግባብቶ መያዝ፣ ሴት ታማሚን እርጉዝ መሆኗን በክብር መጠየቅ፣ ለእናቲቱ በቋንቋቸው "ትንፋሽዎን ይያዙ" ማለት ከታማሚ ጋር በመዋል ብቻ የሚገኝ ነው። አናቶሚም በአንድ ክረምት አይጠናም። ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ እንደሚወርድ፣ ቱቦው ውስጥ ከሚገባው ጉልበት 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ እንደሚቀር፣ የጨረር መጠን በምን እንደሚለካ የሚያውቅን ሰው ይህንኑ እንደገና አስከፍሎ ማስተማር ገንዘቡንም ወጣትነቱንም ማባከን ነው።

ሕጋችንም ይህን ዕውቀት ይፈልገዋል። የጨረራና ኒውክሌር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ከወጣ ቆይቷል። በዓለም አቀፉ መመዘኛ መሠረት በጨረር የሚሠራ ሰው የሚቀበለው ጨረር የአምስት ዓመት አማካዩ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት መብለጥ የለበትም፤ ለሕዝብ የተፈቀደው ደግሞ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ በሩ የት ቢሆን፣ ግድግዳው ምን ያህል ቢወፍር፣ ወረፋ ጠባቂው የት ቢቀመጥ ይህ እንደሚጠበቅ የሚያሰላ ሰው ክሊኒኩ ውስጥ ሲኖር ነው ቁጥሩ ሥራ የሚሠራው። የቡራዩው ልጅ የወረፋ አግዳሚውን ከራጅ ክፍሉ በር አንስቶ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ያዛወረው ራሱ ነው። ማንም አላዘዘውም። በደረቱ ላይ የሰካትን የጨረር መለኪያ ሲያሳየኝም እንደ መታወቂያው ነው የያዛት።

የሳንባ ነቀርሳ በብዛት ከሚገኝባቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለምርመራ የተነሱትን የደረት ራጅ በኮምፒውተር ፕሮግራም ማንበብ እንደሚቻል መክሯል። ራዲዮሎጂስት ለሌለበት ወረዳ ትልቅ ዜና ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚያነበው የተሰጠውን ነው፤ ታማሚው ትንፋሹን ሳይዝ፣ ትከሻው ሳንባው ላይ ተጋርዶ፣ ቮልቴጁ ወርዶ የተነሳ ምስል ለማሽኑም ለሐኪሙም እኩል ዕዳ ነው። ማሽን በገዛን ቁጥር ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

ሰዉስ አለ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ፤ በአክስቴ ጎረቤት ብቻ ሁለት አግኝቻለሁ። ለእነሱ የምለው፦ አንድ ቀን አስፈቅዳችሁ ራጅ ክፍል ግቡና እዩ፤ የተማራችሁት እዚያ አለ። በጥቁር አንበሳም፣ በምኒልክም፣ በየክልሉም ይህን ሙያ ለምታስተምሩ፣ እንዲሁም በትምህርትና በጤና ሚኒስቴር ሥርዓተ ትምህርት ለምትወስኑ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው፦ ለሳይንስ ምሩቃን የሁለት ዓመት መንገድ ክፈቱ። የተማሩትን ቁጠሩላቸው፤ ያልተማሩትን አጥብቃችሁ አስተምሯቸው፤ የሆስፒታል ልምምዱን ሰዓት አትቀንሱ፤ የብቃት ፈተናውንም አታቅልሉላቸው።