ከኋላዋ እንዳታስቀምጠኝ

ባለቤቴ የማሾ ነጋዴ ናት። በጨፋ ሮቢት ገበያ ጆንያ ስትገዛ አፉ ላይ ያለውን አትመለከትም፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስብና ክንዷን ወደ ውስጥ ሰድዳ ከታች ያለውን ዘግና ታወጣለች። «ላይ ላዩን ሻጩ አስቀድሞ አይቶልኛል» ትላለች። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የተጻፈ ነገር ካየሁ አምናለሁ። ይህን ልማዷን ለዓመታት ከነጋዴ ጥርጣሬ ለይቼ አላየውም ነበር። ትርጉሙ የገባኝ በ2010 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን የኋላ ወለል ላይ ተንበርክካ ባየኋት ዕለት ነው።

መኪና የመግዛቱ ሐሳብ ከምቾት የመጣ አልነበረም። አባቴ ዓይናቸውን ይታመማሉ፤ በየወሩ ለምርመራ ወደ ደሴ መሄድ ነበረባቸው። ከጨፋ ሮቢት እስከ ከሚሴ፣ ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ፣ ከአንዱ ሚኒባስ ወርዶ ሌላውን መጠበቅ ነው። አባቴ ረጅም ሰው ናቸው፤ አንደኛው ጉልበታቸውም አይታጠፍም። በጆንያና በዶሮ መካከል ተጣብቀው ሲጓዙ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ ነገር ግን ቀጠሮው በደረሰ ቁጥር «ዛሬስ ይቅር፣ አልሃምዱሊላህ ደኅና ነኝ» ማለትን አበዙ። ሐኪሙ ደግሞ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን በክትትል ሊጠበቅ እንደሚችል ነግሮኝ ነበር። በእጃችን የነበረው አርባ ሺሕ የእቁብ ብርና ባለቤቴ ከሁለት ዓመት ንግድ ያጠራቀመችው ሃያ አምስት ሺሕ ነው። ሁለቱም የታሰቡት ለቤታችን ጣሪያ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ሳፋና ድስት ወለል ላይ እንደረድር ነበርና።

በዚያ ገንዘብ የጃፓን መኪና በሩን እንኳ ከፍቶ ማየት አይቻልም። የቀረን አሮጌ ፊያት ወይም አሮጌ ቮልስ ነበር። ኮምቦልቻ የሚኖሩ ጡረተኛ ቮልሳቸውን እንደሚሸጡ ከአንድ ደላላ በሰማሁ ማታ ለአባቴ ነገርኋቸው።

«ምን ዓይነት መኪና ናት?» አሉኝ።

«ቮልስ ናት፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ንጉሡን ያወጡባት?»

«እሷው።»

«እንግዲያስ ከኋላዋ እንዳታስቀምጠኝ። ከኋላዋ የተቀመጠ አልተመለሰም።»

ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የእሳቸው ዘመን ሰው ያን ቀን አይረሳውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ተጭነው ነው። ቮልስ በሯ ሁለት ብቻ በመሆኑ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት፣ ራሱን ደፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ በሮልስ ሮይስ ለኖሩ ንጉሠ ነገሥት ይህች ትንሽ ጎንበስ ማለት ምን እንደመሰለቻቸው እግዜር ይወቅ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ቴሌቪዥኑ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ሲያሳይ አምሽቷል። አባቴ ቴሌቪዥን አላዩም። ሊያዩ የሚገባቸውን በዚሁ በደሴ መንገድ ዳር ቆመው፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ በእግሩ ወደ ደቡብ ይወርድ በነበረው ሕዝብ ላይ አይተው ጨርሰዋል። ከፊሎቹ ዘመዶቻቸው ነበሩ። ስለ ቮልስ በልባቸው ያለው ደስታ ይሁን ኀዘን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ወደ ኮምቦልቻ ከመሄዴ በፊት ከሚሴ ያሉ አንድ የድሮ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቮልስ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። «መምህር፣ የዚች መኪና ልቧ ከኋላ ነው፤ ሕመሟ ግን ከታች ነው» ብለው ጀመሩልኝ። እኔም ደብተር አወጣሁ። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው፤ ስለዚህ ቺንጋ ከተበጠሰ ቀይ መብራት ይበራል፣ ያን ጊዜ አንድ ሜትር እንኳ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የቺንጋውን መዘውር በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሳብ፤ «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ውስጡ ተበልቷል። ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚጋርድበት ባልቦላው ቶሎ ይቃጠላል። የቤንዚን ጎማዎች ከተሰነጣጠቁ እሳት ይመጣል፤ ስንቷ ቮልስ በዚህ ነደደች! ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው። የሻንሲው ቁጥር ከኋላው ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ጉብታ ላይ ተመትቷል፤ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ወለል ይታይ። ይህን ሁሉ በቁጥር በቁጥር ጻፍሁ። ወለሉ ዘጠነኛ ነበር።

መኪናይቱ የ1968 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር፣ ቀለሟ የተፈጨ ሱፍ የመሰለ ነበረች። በማለዳ ታጥባ በግቢው መካከል ስትቆም ዓይን ትስባለች፤ መከላከያዎቿ ተወልውለው ፊቴን አሳዩኝ። ባለመኪናው ከጡረታ በፊት በፋብሪካ የሠሩ፣ ንግግራቸው የተለካ አዛውንት ናቸው። ሰባ አምስት ሺሕ ብር አሉ። ደብተሬን ይዤ ዞርሁ። መዘውሩን ሳብሁ፤ አልተንቀጫቀጨም። ጭስ የለም። የቤንዚን ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። የሾፌሩን እግር ሥር ምንጣፍ ገለጥሁ፤ ወለሉ ደረቅና ጤነኛ ነው። የኋላውን ወንበር አነሣሁ፤ ሊብሬውን ዘርግቼ የሻንሲውን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮኽ ብዬ አነበብሁ። አንድም አልጎደለም። ደስ ብሎኝ ወንበሩን መለስሁት። ያን ጊዜ ከቁጥሩ አንድ ክንድ እንኳ የማይርቀውን ነገር አላየሁም፤ እኔ የማነብ ሰው ነኝ፣ እዚያ ደግሞ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደ ደሴ በሚወስደው ዳገት ላይ ሞከርናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ወሬ ነበር፤ መሪውን የጨበጥሁት ፈረስ እንደሚጨብጥ ሰው ነው። በመንገዱ ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት የሚተፉ ሁለት የጭነት መኪኖች አለፍን። የእኛይቱ፣ ውኃ የማታውቀው፣ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመች ወጣች። በዚያች ቅጽበት ጣሪያውም፣ ሳፋውም፣ ድስቱም ከልቤ ጠፉ። ገዝቻታለሁ ብዬ ጨርሼ ነበር።

ስንመለስ ባለቤቴ ከመኪናው ወረደች፤ የፊቱን ወንበር አጥፋ መልሳ ወደ ኋላ ገባች። ነጠላዋን በወገቧ አሰረች። የኋላውን ወንበር አነሣች። በቀኝ በኩል የተቀመጠውን ባትሪ አየችና «ይህን አንሡልኝ» አለች።

ባለመኪናው «ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ አዲስ ባትሪ ነው» አሉ።

«ባትሪውን አላልሁም፣ ጋሼ። ታቹን ነው።»

ደላላው ሳቀ። ባለመኪናው አልሳቁም። ባትሪው ሲነሣ ከሥሩ በጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ታየ። ባለቤቴ በጣቷ ገፋችው፤ ታጠፈ፤ በስንጥቁም የግቢው ጠጠር ታየ። የባትሪው አሲድ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ወለሉን በልቶት፣ በላዩ ላይ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ ተለጥፎበት ኖሯል። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይነበባል።

ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። እኔ አፈርሁ፤ ለማን እንዳፈርሁ አላውቅም፤ ምናልባት ለአዛውንቱ። ባለቤቴ ግን አልተቆጣችም፤ ክንዷን እንደ ሰበሰበች፣ በረጋ ድምፅ፣ «ሌላስ?» አለቻቸው።

አዛውንቱ በመኪናው ጎን ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተናገሩ። ሁለተኛ ማርሽ ቁልቁለት ላይ በራሱ ይወጣል። የሦስተኛው ሲሊንደር ባልቦላ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ተለውጧል። የዝናብ መጥረጊያው በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል። የግራ በር ክረምት ላይ ያብጣል፤ በጉልበት ይከፈታል። ቺንጋው አሮጌ ነው። ቆርቆሮውን ራሳቸው እንደ ለጠፉት፣ ብየዳ ለማስበየድ ገንዘብ እንዳልነበራቸው፣ አሁንም የሚሸጡት ለልጃቸው ሕክምና እንደ ሆነ። ባለቤቴ በጣቶቿ እየቆጠረች አዳመጠች። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረችና «ግዛት» አለችኝ።

ማታ ለምን እንዲያ እንዳለች ብጠይቃት «ታቹን ስላየሁት ነዋ» ከማለት ሌላ አልመለሰችልኝም። በስልሳ ሁለት ሺሕ ተስማማን። አዛውንቱ ሲሸኙን ከፊት ኪሷ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ ቺንጋዎችና አንድ ቁልፍ አሳዩኝ። «አብሽር፣ መምህር። ቀይ ሲበራ ቁም እንጂ» አሉ።

ሐርቡን ሳንደርስ በራ። ቆምሁ። ቺንጋ መቀየር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል ብለውኝ ነበር፤ እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁ፤ የጨፋን ሣር የጠገቡ የሚመስሉ ግመሎች በአጠገቤ አልፈው፣ እረኛውም ምክር ሰጥቶኝ ሄደ።

አባቴ መኪናይቱን በእጃቸው ነው የመረመሯት። ጣሪያዋን፣ ክብ ግንባሯን፣ የመብራቶቿን መስተዋት በመዳፋቸው ዳሰሱ። «እንቁራሪት ናት» አሉ። ስለ ወለሉ በነገርኋቸው ጊዜ ቆርቆሮውን አምጣ አሉኝ። በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙት። «ይህን በሰባ ሰባት ከነዘይቱ ተሸክሜዋለሁ» አሉና መለሱልኝ።

በማግሥቱ ሳምንት ከሚሴ ወስጄ ትክክለኛ ላሜራ አስበየድሁበት፤ የተረፈን ገንዘብ እዚያው አለቀ። ጣሪያችን ሁለት ክረምት ጨምሮ አፈሰሰ። አባቴ ከፊት፣ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶላቸው፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተው ደሴ ይመላለሱ ጀመር። ከኋላ ባለቤቴና ማሾዋ ይቀመጣሉ። መንገዱ ከተዘጋባቸው ሳምንታት በቀር ቀጠሮ አላለፋቸውም። ሐኪሙም ብርሃኑ ባለበት ቆሟል ይለን ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ሰዎች አሁን ስንት ታወጣለች ብለው ይጠይቁኛል። የመጨረሻዋ የዚህ ዓይነት ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተባለ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ ከእንግዲህ አትሠራም። በእኛም አገር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለው አሮጌ ሁሉ ተወድዷል። ለጠያቂዎቼ የምነግራቸው ዋጋ የለኝም፤ ወለሏን ግን አሳያቸዋለሁ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ እኛ ሲወርድ ቤንዚን በጠርሙስ እንኳ አልተገኘም። ባትሪዋን ነቅዬ ከሣር ክምር ሥር ቀበርሁ፤ እኛ በአይሱዙ ተጭነን ደብረ ብርሃን ወረድን። አባቴ ያን ቀን፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከኋላ ተቀመጡ፤ የጭነት መኪና ስለ ነበር አልተከራከሩም።

በታኅሣሥ ስንመለስ አራቱም ጎማዎች ተወስደው፣ መኪናይቱ በሆዷ መሬት ላይ ተኝታ አገኘናት። መስተዋቶቿ ደኅና ነበሩ። ከጎረቤት ልጆች ጋር አንሥተን በአራት ድንጋይ ላይ አቆምናት። ባለቤቴ ቀድማ ገብታ የኋላውን ወንበር አነሣች፣ በጡጫዋ ወለሉን መታችው፤ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ጎማ ለመግዛት አምስት ወር ፈጀብን። በእነዚያ ወራት አባቴ ጧት ጧት በሩን ከፍተው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው፣ ከፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።